የትርንጎ ዓይን እስኪያርፍ

ስሙማ፣ ጠጋ በሉ! ይህን ነገር የማወራው ሳላቋርጥ ነው። ትንፋሽ ሲያጥረኝ የምታግዙኝ እናንተ ናችሁ። ተስማማን? እንግዲያው ልጀምር።

እንዶድ በር በምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ትርንጎ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። የእሷ መሶብ ያልገባበት፣ የእሷ ሰፌድ ያልተንጠለጠለበት ቤት አልነበረም። ይህች ሴት ከዓለም ሀብት ሁሉ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ፈለገች። ወርቅ አይደለም። የቆርቆሮ ቤትም አይደለም። ዓይኗን ሳይወጋት መክደን፣ ሳይወጋት መግለጥ፣ በቃ ይኸው ነው።

ምኑ ነው የሚወጋት ትሉኝ ይሆናል። የዓይን ማዝ ነዋ፣ ትራኮማ የሚሉት! ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያማት ሲሻላት፣ ሲያማት ሲሻላት ኖሮ፣ በመጨረሻ የዓይኗ ቆብ ተሸበሸበና ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ይቧጥጣት ጀመር። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ቁጠሩና እዩ። እሷ በእያንዳንዱ ትወጋለች። ወረንጦ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ፀጉሩን በዳበሳ እየያዘች ትነቅለዋለች። ፀጉሩ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ በሳምንቱ ከበፊቱ ጠንክሮ ይበቅላል። የቀኝ ዓይኗ ጭጋግ ለብሶ ጠፍቷል። የቀራት ግራው ብቻ ነው። ለሰው ሁሉ «ይወጋኛል» ትላለች እንጂ ከዚያ የባሰውን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቀን ማለዳ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ሲስተር ውድነሽ የምትባል ነርስ አለች። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነች፣ እጇም ፈጣን ምላሷም ፈጣን የሆነች ሴት ናት።

«ሲስተር፣ ልጄ፣ ዓይኔን ሳይወጋኝ እንድከድነው አድርጊልኝ። ሌላ አልፈልግም» አለቻት ትርንጎ።

ሲስተር ውድነሽ በባትሪ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ እኮ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ቆቡን እሰነጥቅና ሽፋሽፍቱን ወደ ውጪ መልሼ እሰፋዋለሁ። ግን ሳይሰፋ ክረምቱ ካለፈ ግራውም የቀኙ ዕጣ ይደርሰዋል። አንዴ የጠፋ ብርሃን ደግሞ በእኔ መርፌ አይመለስም።»

«ታዲያ አሁኑኑ ስፊኛ!»

«በምን ክር? ክሩ፣ ማደንዘዣው፣ ፋሻው ሁሉ ባንድ ካርቶን ታሽጎ ዞን ከተማ መጋዘን ተቀምጧል። አርባ ሦስት ሰው መዝግቤያለሁ፣ ክር ግን የለኝም። ያለ ክር አልሰፋም።»

እናም ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ የትርንጎ ዓይን አያርፍ።

መጋዘኑ ዕቃውን ለጤና ጣቢያው መኪና ካልሆነ ለማንም አያስረክብም። ስለዚህ ትርንጎ ወደ መኪናው ሄደች። ሹፌሩ ገዳሙ ከመኪናው ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ትርንጎ ለእግሩ ነገረችው።

«ገዳሙ፣ ልጄ፣ ክሩን አምጣልኝ። ክሩ ካልመጣ ሲስተር አትሰፋ፣ ሲስተር ካልሰፋች ዓይኔ አያርፍ።»

ገዳሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «እትዬ፣ እኔ ልሂድ ብል መኪናው እምቢ አለኝ። ይኸው ጎማውን ዳሰስ ያድርጉት። ከእኔ አናት የባሰ መላጣ ሆኗል። በዚህ ጎማ ያንን ቁልቁለት ከወረድኩ ሲስተር የምትሰፋው እኔን ነው።»

ትርንጎ ጎማውን ዳሰሰችው። እውነቱን ነው።

እናም ጎማው አይገዛ፣ መኪናው አይሄድ፣ ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ የትርንጎ ዓይን አያርፍ።

ጎማ የሚገዛ ማን ነው? የዓይን ኮሚቴው ነው። እንዶድ በር ለዓይን ሕሙማኑ ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ ኮሚቴ ካቋቋመ ሁለት ወር አልፎታል። ኮሚቴውም ሊቀመንበር አለው፣ ምክትል ሊቀመንበር አለው፣ ማኅተም አለው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሣጥን አለው። ምን ጎደለው? እሱን ነው አሁን የምታዩት። ሊቀመንበሩ የእድሩ ዳኛ አቶ ደርበው ናቸው። ትርንጎ ደጃቸው ደረሰች።

«አቶ ደርበው፣ ጎማውን ይግዙልኝ። ጎማው ካልተገዛ መኪናው አይሄድ፣ መኪናው ካልሄደ ክሩ አይመጣ፣ ክሩ ካልመጣ ሲስተር አትሰፋ፣ ሲስተር ካልሰፋች ዓይኔ አያርፍ።»

አቶ ደርበው ሣጥኑን አንስተው ነቀነቁላት። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አለበት እኮ!» አለች ትርንጎ ደስ ብሏት።

«ሣጥኑን የሚመታው የጣቴ ቀለበት ነው» አሉ አቶ ደርበው አንገታቸውን ደፍተው። «ሰዉ ለመስጠት እጁ አይታጠፍም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን የእንዶድ በር ሰው በየቤቱ ሲጠይቁት ‹ለጨረታው ቀን› ይላል። ጨረታ ደግሞ ያለ ውበቱ ጩኸት አይደምቅም። ውበቱ ካልጮኸ ሣጥኑ አይሞላ።»

እናም ውበቱ አይጮህ፣ ሣጥኑ አይሞላ፣ ጎማው አይገዛ፣ መኪናው አይሄድ፣ ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ የትርንጎ ዓይን አያርፍ።

ውበቱ ጨው ነጋዴ ነው። ጨረታ ሲኖር ደግሞ አጫራች ነው። ሲያስነጥስ የጎረቤት ዶሮ ከቆጧ ትወርዳለች። ትርንጎ ቤቱን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ሰምታ መጣች።

«ውበቱ፣ ወንድሜ፣ ጩህልኝ። ካልጮህክ ሣጥኑ አይሞላ፣ ሣጥኑ ካልሞላ ጎማው አይገዛ፣ ጎማው ካልተገዛ መኪናው አይሄድ፣ መኪናው ካልሄደ ክሩ አይመጣ፣ ክሩ ካልመጣ ሲስተር አትሰፋ፣ ሲስተር ካልሰፋች ዓይኔ አያርፍ።»

«እትዬ ትርንጎ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ምን ብዬ ልጩህ?» አለ ውበቱ፤ ቀስ ብሎ ማውራቱ ነው፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። «የእኛ አገር ጨረታ በበግ ነው። በጉን እሸጠዋለሁ፣ የገዛው ሰው ‹ለዓይን ሰጥቻለሁ፣ ደግመህ ሽጠው› ይለኛል፣ ደግሜ እሸጠዋለሁ፣ ሁለተኛውም ይመልሰዋል። በግ ከሌለ ምኔን ነው የሚመልሱልኝ? ጉሮሮዬን?»

«ከተማው በግ አጣ እንዴ?»

«በግማ ሞልቶ! ግን አቶ አለልኝ በኮሚቴው ስብሰባ መሃል ብድግ ብለው ‹የመክፈቻው በግ ከእኔ ቤት ነው› አሉ። ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ወዲህ በጉም የለ፣ ወሬውም የለ። በእሳቸው ቃል ላይ ሌላ በግ የሚጎትት ማን ነው? ሰውዬውን በአደባባይ መስደብ ነው።»

እውነቱን ነው። አርባ ሦስት ሰው ዓይኑን እየጠረገ ሲጠብቅ፣ በየጓሮው በግ ‹ባ!› እያለ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አቶ አለልኝን ላለማስቀየም ሲል የራሱን በግ ከጓሮ አላወጣም። ጨዋነት ይሉታል። እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ ግን እዚህ ልጆች ተቀምጠዋል።

እናም በጉ አይፈታ፣ ውበቱ አይጮህ፣ ሣጥኑ አይሞላ፣ ጎማው አይገዛ፣ መኪናው አይሄድ፣ ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ የትርንጎ ዓይን አያርፍ። ቆይ፣ ምራቄን ልዋጥ።

ትርንጎ አቶ አለልኝን ከግቢያቸው በር ላይ አገኘቻቸው። ገና አፏን ከመክፈቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ትርንጎ ግን ጣታቸውን አላየችውም።

«አቶ አለልኝ፣ በጉን ይፍቱልኝ! በጉ ካልተፈታ ውበቱ አይጮህ፣ ውበቱ ካልጮኸ ሣጥኑ አይሞላ፣ ሣጥኑ ካልሞላ ጎማው አይገዛ፣ ጎማው ካልተገዛ...»

«ቀስ በይ እባክሽ፣ ቀስ በይ!» አሉ አቶ አለልኝ በሹክሹክታ። «የቀረውን አውቀዋለሁ፤ መኪናው አይሄድ፣ ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ ዓይንሽ አያርፍ። ምን ላድርግ? ቃሉን የገባሁት እኔ፣ በጉን ያሳደገችው ማንጠግቦሽ። ሳልጠይቃት ተናገርኩ። አሁን ገመዱን ይዛ እምቢ አለችኝ።»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አይነግሩም?»

«ሚስቴ ከለከለችኝ ብዬ? በእድሩ ፊት?»

እናም ማንጠግቦሽ እሺ አትል፣ በጉ አይፈታ፣ ውበቱ አይጮህ፣ ሣጥኑ አይሞላ፣ ጎማው አይገዛ፣ መኪናው አይሄድ፣ ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ የትርንጎ ዓይን አያርፍ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጓሮ ነበረች፤ በጉን አተላ ታጠጣለች። ትርንጎን ስታይ ጀርባዋን ሰጠቻት። ትርንጎም ለጀርባዋ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። እሺ ካላልሽ በጉ አይፈታ፣ በጉ ካልተፈታ ውበቱ አይጮህ፣ እያለች እስከ ዓይኗ ድረስ። እኔ አልደግመውም፤ እናንተ ደግሙት። ደገማችሁት? ጎበዝ።

«ጨረስሽ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ጨረስኩ።»

«እኔ ለታመመ ዓይን በግ የምሰስት ሴት አይደለሁም። ግን ባለፈው መስከረም ለልጄ ሠርግ መሶብ አዘዝኩሽ። ‹ለጥቅምት› አልሽኝ። በጥቅምት ‹ለገና› አልሽኝ። በገና ‹ለጥምቀት› አልሽኝ። ልጄ በተውሶ መሶብ ተዳረች፣ አማቶቿ እያዩ! ምን ብበድልሽ ነው እንዲህ የናቅሽኝ? አሁን ደግሞ በጌን ፈልገሽ መጣሽ። መሶቤ ሳይመጣ ከዚህ ግቢ ገመድ አይፈታም።»

አያችሁ? ነገሩ ከተማውን ዞሮ ዞሮ ማን ደጅ መጣ? መሶቡ አያልቅ፣ ማንጠግቦሽ እሺ አትል፣ በጉ አይፈታ፣ ውበቱ አይጮህ፣ ሣጥኑ አይሞላ፣ ጎማው አይገዛ፣ መኪናው አይሄድ፣ ክሩ አይመጣ፣ ሲስተር አትሰፋ፣ የትርንጎ ዓይን አያርፍ። የትርንጎ ዓይን ካላረፈ ደግሞ መሶቡ አያልቅ! በየት በኩል ይወጣል?

ትርንጎ ቤቷ ገባች። የተጀመረውን መሶብ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አክርማውን አረጠበች፣ ስንደዶውን ያዘች፣ ወስፌዋን አነሳች። ዛሬ እጨርሰዋለሁ፣ በጥርሴም ቢሆን እጨርሰዋለሁ አለች። ወስፌው ስንደዶውን ስቶ አውራ ጣቷን ወጋት። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ወጋት። ከዚያ በኋላ ወስፌውን አስቀመጠችው። ፈራች። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አፈረችም። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ከባድ ነው፤ ፍርሃቱ ሂጂ ተናገሪ ይላል፣ ኀፍረቱ ዝም በይ ይላል። ለብዙ ወራት ያሸነፈው ኀፍረቱ ነበር።

በመጨረሻ ተነሳች። መሶቡን እንዳለ አቅፋ፣ አክርማው እየተንዘላዘለ፣ ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ተመለሰች።

«ይኸውልሽ መሶብሽ» አለቻት።

ማንጠግቦሽ ተቀብላ አገላበጠችው። ሥሩ ላይ ያለው ስፌት የታወቀው የትርንጎ ስፌት ነው፤ ጥብቅ ያለ፣ መስመሩ ያልተዛነፈ። ወደ ላይ ሲሄድ ግን መስመሩ ይወላገዳል። ቀይ አበባ ተጀምሮ ቅጠሉ ላይ ሲደርስ ይጠቁራል።

«ይሄ ምንድን ነው? አበባው ግማሹ ጥቁር ነው እኮ!»

«ቀይ መስሎኝ ነው» አለች ትርንጎ።

ማንጠግቦሽ ጥቁሩን ቅጠል በጣቷ ዳሰሰችው።

«አልናቅኩሽም፣ ማንጠግቦሽ። አላይም። ከመስከረም ጀምሮ ቀይና ጥቁር አልለይም። አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ ሰፋሁት። አምስተኛውን ፈራሁ።»

«ምነው፣ ትነግሪኝ አልነበር!»

«ስፌት ሰፊ አታይም ከተባለች ማን ሥራ ይሰጣታል? በምን ልደር? ‹ነገ፣ ከነገ ወዲያ› እያልኩ ዋሾ መባሉ ተሻለኝ።»

ማንጠግቦሽ መሶቡን መሬት ላይ አስቀመጠች። የትርንጎን አገጭ በእጇ ቀና አድርጋ ዓይኗን አየችው። ስታኮርፋት ከርማ፣ በቅርብ ስታያት የዛን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ብሌኑ ላይ ተኝቷል፣ እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል። ማንጠግቦሽ አለቀሰች። ደግሞም ተናደደች፤ በትርንጎ ሳይሆን በራሷ።

«እኔ ደግሞ መሶብ መሶብ እላለሁ! ኧረ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ! ይሄን መሶብ አትፈቺውም፣ ሰምተሻል? እንዲሁ እንዳለ የእኔ ነው። አለልኝ! አንተ አለልኝ! የት አባክ ገባህ? ና ገመዱን ያዝ!»

ተፈታ! እናም እዩት አሁን።

ማንጠግቦሽ እሺ አለች፣ በጉ ተፈታ። አቶ አለልኝ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በከተማው መሃል በጉን እየጎተቱ ገበያ ሜዳ ወጡ። በጉ ሲፈታ ውበቱ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! የማዶ ሰፈር ሰዎች እሳት የተነሳ መስሏቸው ውሃ ይዘው መጡ፤ መጥተውም እዚያው ቀሩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ገዛና «ለዓይን ሰጥቻለሁ፣ ደግመህ ሽጠው» አለ። መምህራኑ አዋጥተው ገዙና መለሱት። የአውቶቡስ ተራ ወዛደሮች ገዙና መለሱት። ሲስተር ውድነሽ ገዛችና መለሰችው። አቶ አለልኝም የገዛ በጋቸውን፣ አስቀድመው የሚስታቸውን ፊት አይተው፣ ገዙና መለሱት። አሥራ አራት ጊዜ ተሸጠ። በጉ ማን ቤት እንደሚያድር ግራ ገብቶት ሜዳው መሃል ተኛ። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ውበቱ ሲጮህ ሣጥኑ ሞላ፤ የተረፈውን አቶ ደርበው በነጠላቸው ቋጠሩት። ሣጥኑ ሲሞላ ጎማው ተገዛ፤ አንድ አይደለም፣ አራቱም። ጎማው ሲገዛ መኪናው ሄደ። መኪናው ሲሄድ ክሩ መጣ፤ ገዳሙ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወረደ። ክሩ ሲመጣ ሲስተር እጇን ታጠበች።

አርባ ሦስቱም በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰለፉ። ትርንጎ በመጀመሪያው ቀን ገባች። ማደንዘዣው ሲወጋት የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች። ከዚያ ጋደም እንዳለች ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«እትዬ፣ ግራውን ጨረስኩ እኮ! ቀኙ ላይ ነኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሊነሳ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያው ግቢ ተሰበሰበ። አቶ ደርበው በወረቀት የተጻፈ ንግግር ይዘዋል። ውበቱ አለ፣ ገዳሙ አለ፣ አቶ አለልኝና ማንጠግቦሽም አሉ። ሲስተር ውድነሽ ፋሻውን ቀስ ብላ አነሳች፣ ዓይኗን በንጹሕ ውሃ ጠረገችላት፣ በባትሪ አየቻት፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ቀኙን አልዋሽዎትም፣ ብርሃኑ አይመለስም፤ ግን ከእንግዲህ አያምዎትም። ለግራው ግን በጊዜ ደርሰንለታል። እንባው ሲደርቅ እየጠራ ይሄዳል። ፊትዎን በየቀኑ ይታጠቡ እንጂ ከእንግዲህ ወዲያ አይጠፋም።»

እልልታው ቀለጠ። አቶ ደርበው ወረቀታቸውን ዘረጉና «እንግዲህ ወይዘሮ ትርንጎ ለለጋሾቹ ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ» አሉ።

ትርንጎ ልትናገር አፏን ከፈተች። በመሃል ዓይኗን አርገበገበች። የሚወጋት ነገር የለም። ደነገጠች። ደግማ ከደነችው፤ የለም። ገለጠችው፤ የለም። ቀስ ብላ ከደነችና እንደ ከደነችው ቆየች። ትከሻዋ ወረደ፣ የግንባሯ መጨማደድ ተፈታ፣ አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ለብዙ ዓመታት ያልተኛችውን እንቅልፍ፣ ፀሐይ አናቷ ላይ ሆና፣ ከተማው ሁሉ አፉን ከፍቶ እየጠበቃት፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ተኛችው። አንኮራፋችም።

«ይህን ነው የጠየቁኝ፣ ተዉአቸው» አለች ሲስተር ውድነሽ።

አቶ ደርበው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሰዉም በእግሩ ጣት እየረገጠ አንድ በአንድ ወጣ። ማንጠግቦሽ ብቻ አልወጣችም። ዱካ ሳበችና አጠገቧ ተቀመጠች፣ የትርንጎን ራስ ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፣ ፊቷ ላይ ዝንብ እንዳያርፍ በነጠላዋ ጫፍ እሽ እሽ እያለች እስክትነቃ ጠበቀቻት።

በሉ እኔም እስትንፋሴ አለቀ። አሁን ውሃ የሚያቀብለኝ ማን ነው?